የዘገየው ምስል

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የፈተና ወረቀት ሳርም አምሽቼ ነው የተቀመጥኩት። ከኋላዬ የሚሰማችሁ የአዳማ ንፋስ ነው፤ መስኮቱን ዘግቼዋለሁ፣ ግን ይሄ ንፋስ መስኮት አያውቅም።

የማወራችሁ ስለ ታናሽ ወንድሜ ኩላሊት ነው። ፈቃዱን ጠይቄዋለሁ። «ንገሪያቸው እቴ፣ ለአንድ ሰው እንኳ ከጠቀመ» ብሎኛል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። የምነግራችሁ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሳናውቀው የቆየነውን ነገር ነው፤ በኋላም እንዴት እንደታወቀና እንዴት እንደታከመ።

ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል። አምና በጥር ፍራንኮ አካባቢ ድንገት መንገድ የገባ ልጅ ለማትረፍ መሪውን ሲጠመዝዝ ባጃጇ ተገለበጠች። ግራ ጎኑ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር ተላተመ። አጥንቱ አልተሰበረም፣ ጭንቅላቱም አልተነካም። የዚያን ዕለት ግን ሽንቱ ቀይ ነበር። ወሰድነው፣ አልትራሳውንድ ታየ፤ «ግራ ኩላሊቱ ዙሪያ ጥቂት ፈሳሽ አለ፣ ደም ይሆናል፣ ሰውነቱ ራሱ ይመጠዋል» ተባልን። በማግስቱ ሽንቱ ጠራ። ተመስገን ብለን ቤት ገባን።

በአራተኛው ቀን ምግብ እምቢ አለ። ሆዱ ይነፋዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ማታ ማታ ብርድ ብርድ ይለውና ያተኩሰዋል። ቅርባችን ያለ ክሊኒክ ወሰድነው፣ ደም ሰጠ፣ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተባለ። እኛ አገር ትኩሳት የያዘው ሰው ቶሎ የሚሰማው ስም ነው፤ እኔም ለማመን ጊዜ አልፈጀብኝም። መድኃኒቱን ገዝተን ጀመረ። አደጋውን ለክሊኒኩ አልነገርንም። እነሱም አልጠየቁም፣ እኛም አላነሳነውም፤ ያለፈ ነገር መስሎን። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። «ከአምስት ቀን በፊት ጎኑን ተመትቶ ነበር፣ ሽንቱም ደም ነበረው» ብል ኖሮ ነገሩ ሌላ መንገድ ይይዝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በዘጠነኛው ቀን ማታ እማዬ ጀርባውን ቅባት ልታሸው ሸሚዙን ገለጠችው። እጇን ጎኑ ላይ እንዳደረገች ቀረች። «ነይ እስኪ፣ ይሄ ጎኑ እንደ ወዲያኛው አይደለም» አለችኝ። መብራቱን አቀረብኩ። ከጎድን አጥንቱ ግርጌ እስከ ዳሌው አጥንት ድረስ ያለው ጉድጓዳማ ቦታ፣ በቀኝ በኩል እንደ ወትሮው ገባ ያለ ነው፤ በግራ በኩል ግን ሞልቶ ቀጥ ብሏል። ስነካው ውሃ እንደሞላ ኮዳ ወጠር ያለ ነው። ሌሊቱን አላደረስነውም፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነበርን።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ኩላሊት ደም አጣርቶ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ሽንት ይሠራል። ሽንቱ ኩላሊቱ ውስጥ ካለ ትንሽ ጎድጓዳ ማጠራቀሚያ ይገባና፣ ከእርሳስ በቀጠነ ቱቦ ወደ ፊኛ ይወርዳል። ኩላሊቱ በስብ ታቅፎ፣ ስቡ ደግሞ በስስ ሽፋን ተከቦ ነው የተቀመጠው። ምቱ ከላይ ያለውን ሥጋ ብቻ ከሰነጠቀ የሚፈሰው ደም ነው። ስንጥቁ ማጠራቀሚያው ድረስ ከዘለቀ ግን ሽንትም አብሮ ይወጣል፤ ወጥቶም ስቡ መሀል ይቋጠራል። ሐኪሞቹ ዩሪኖማ ይሉታል። በአደጋ ብቻ አይደለም የሚመጣው። ቱቦውን የዘጋ ጠጠር ግፊቱን ከፍ አድርጎ ማጠራቀሚያውን በስሱ ቦታ ሊያፈነዳው ይችላል። በማህፀን ቀዶ ሕክምና ጊዜ ቱቦው ሳይታይ ሊቆረጥ ወይም ሊታሰር ይችላል፤ ከእንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሆዷ የሚነፋና የሚያተኩሳት እናት ካለች ይህንንም ማሰብ ነው። የሽንት መውጫቸው በልስልስ ሽፋን ተጋርዶ በሚወለዱ ወንድ ሕፃናት ላይም ይታያል።

በዚያ ሌሊት አልትራሳውንዱ 13 በ8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፈሳሽ አሳየ። ተረኛው ሐኪም ግን «ፈሳሽ አለ» ብሎ አላቆመም፤ «የምን ፈሳሽ?» አለ። ሰው ሁሉ እንዲይዘው የምፈልገው ጥያቄ ይሄ ነው። ደም ይሆን፣ መግል ይሆን፣ ሽንት ይሆን፣ አልትራሳውንድ አብዛኛውን ጊዜ ቆርጦ አይናገርም። የመጀመሪያ ቀን «ደም ይሆናል» ሲሉን «ይሆናል»ዋን ሰምቼ ማለፌ ነው የቆጨኝ።

ሲቲ ስካን ታዘዘ። እዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ተማርኩ። በማግስቱ ከሆስፒታሉ ውጭ ባለ ቦታ አስነሳነው፤ በክንዱ የደም ሥር ኮንትራስት፣ ማለትም ምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ የሚያበራ ፈሳሽ ሰጡት፣ አሽከረከሩት፣ አለቀ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ቶሎ በማለቁ። ምስሉን ይዘን ስንመለስ ዩሮሎጂስቱ፣ የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሐኪሙ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች አመላለሰውና «ስንጥቁ ይታያል፣ ፈሳሹም ይታያል። የዘገየው ምስል የታለ?» አለኝ። የዘገየ ምስል? ገባኝ ብዬ ዝም ልል ነበር። ከዚያ በፊት ዝም ማለቴ ምን እንዳመጣ ስላየሁ ጠየቅሁት።

ወንበር ስቦ አስረዳኝ፤ እድሜ ይስጠው። ኮንትራስቱ በደም ሥር እንደገባ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ዋና ዋና ደም ሥሮችን ያበራል፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የኩላሊቱን ሥጋ ያበራል። በዚያ ሰዓት ግን ገና ደም ውስጥ ነው፣ ሽንት አልሆነም። ተጣርቶ ሽንት ውስጥ እስኪገባ ደቂቃዎች ይፈልጋል። ቶሎ የተነሳ ምስል ስንጥቁን ያሳያል፣ የሚያፈስ መሆኑን ግን አያሳይም። በአምስትና በሃያ ደቂቃ መካከል ድጋሚ ሲነሳ፣ ሽንቱ ራሱ ነጭ ሆኖ የት እንደሚሄድ ይታያል።

ድጋሚ መክፈል ነበረብን። ኮንትራስት ለተጎዳ ኩላሊት ሸክም ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የደም ክሬቲኒኑ ታየ፤ ክሬቲኒን ኩላሊት ከደም አጣርቶ በሽንት የሚያስወጣው ቆሻሻ ነው፤ 1.4 ነበር፣ ለእድሜው ከፍ ያለ። በኋላ እንደሰማሁት፣ ከኩላሊቱ ወጥቶ የተቋጠረውን ሽንት ሰውነት መልሶ ይመጠዋል፤ ወንድሜ በግማሽ የራሱን ቆሻሻ መልሶ እየጠጣ ነበር ማለት ነው። በፈሳሽ አግዘውት ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ገባ።

በዚህኛው ቀን ባለሙያዋ ከመስታወቱ ጀርባ አብሬያት እንድቆም ፈቀደችልኝ። የመጀመሪያው ምስል አለፈ። «አሁን አሥር ደቂቃ እንጠብቃለን» አለች። አሥር ደቂቃ ይህን ያህል እንደሚረዝም አላውቅም ነበር። ወንድሜ ክንዱን ከራሱ በላይ አድርጎ ተኝቷል፣ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል፣ እሱን ሳይ ቆየሁ። ከዚያ ማሽኑ ተነሳ። ስክሪኑ ላይ ቀኝ ኩላሊቱ መሀል እንደ አበባ የተከፈተ ንጹሕ ነጭ አለ፣ ከእሱም ቀጭን ነጭ መስመር ወደ ታች ይወርዳል። በግራ በኩል ነጩ ከአበባው ጫፍ ወጥቶ፣ በስንጥቁ አልፎ፣ ውጭ ባለው ግራጫ ኩሬ ውስጥ እንደ ወተት ጠብታ ተዘርግቷል። የሚወርደው መስመር አልነበረም ማለት ይቻላል። ባለሙያዋ በጣቷ ሳትነካ ጠቆመችኝ። ምንም ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ በአልትራሳውንድ እየተመራ፣ ጀርባውን አደንዝዘው በመርፌ ገቡና ማፍሰሻ ቱቦ አስቀመጡለት። የወጣው ነገር ቢጫ፣ ትንሽ የደፈረሰ ነበር። ናሙናው ለክሬቲኒን ተላከ፣ ጀርም መኖሩ እንዲታይም እንዲሁ። ይሄ ለኬሚስትሪ አስተማሪ የሚገባ ነገር ነው፦ ፈሳሹ የሰውነት ውሃ ወይም ደም ቢሆን ክሬቲኒኑ ከደሙ ጋር ይቀራረባል፤ ሽንት ከሆነ ግን ኩላሊቱ አከማችቶታልና እጥፍ ድርብ ይበልጣል። ደሙ 1.4፣ ፈሳሹ 38። ወረቀቱን አሁንም አለኝ።

ይህን የሰማ ሁሉ ቱቦ ይገባለታል ብሎ እንዳይደነግጥ ግን አደራ። ትንሽ የሆነ፣ ያልመረቀዘ፣ ወደ ታች የሚወርደው መንገድ ክፍት የሆነለት ዩሪኖማ ብዙ ጊዜ በራሱ ይደርቃል፤ ሐኪም እየተከታተለና ምስሉ እየተደገመ ይጠበቃል። የወንድሜ ግን ትልቅ ነበር፣ ያተኩሰዋል፣ ሽንቱም ታች አይወርድም።

የተቋጠረውን ማፍሰስ ብቻውን አይበቃም። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ መውረጃው ከተዘጋና ጎኑ ከተሰነጠቀ፣ ከሥር ባልዲ ብታስቀምጡ ባልዲው ይሞላል እንጂ ስንጥቁ አይደርቅም። ውሃው ቀላሉን መንገድ ነው የሚሄድ። ስለዚህ መውረጃውን መክፈት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያስገቡት ቱቦ ስቴንት ይባላል፣ ሐኪሞቹ በአጭሩ ዲጄ ይሉታል። ለስላሳ ነው፣ የወንድሜ 26 ሴንቲ ሜትር ነበር፣ ሁለቱም ጫፉ ይጠቀለላል፤ አንዱ ጫፍ ኩላሊት ውስጥ፣ አንዱ ፊኛ ውስጥ ተጠቅልሎ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ይሄ ሁለት ጫፉ የተጠቀለለው ቱቦ ለሕክምናው ዓለም የቀረበው በ1978 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ቀጥ ያሉት ቱቦዎች ከቦታቸው እየሸሹ ያስቸግሩ ነበር። ስቴንቱን ማስገባት ካልተቻለ በጀርባ በኩል በቀጥታ ኩላሊቱ ውስጥ ቱቦ ይገባል፤ ኔፍሮስቶሚ የሚሉት። ሆድ ከፍቶ መስፋት የመጨረሻው ነው።

ስቴንቱን ከውጭ ግዙ ተባልን። ማዘዣውን ይዤ በዚያ ፀሐይ ስንት ፋርማሲ እንደገባሁ አልቆጠርኩም። አንዲት አዛውንት አስታማሚ፣ ባለቤታቸው ከእኛ አጠገብ የተኙ፣ «ልጄ፣ አንቺ ሂጂ፣ እሱን እኔ አየዋለሁ» ብለውኝ ነበር የወጣሁት። ስመለስ የከረጢቱን ልክ በጣታቸው ምልክት ይዘው ጠበቁኝ።

ስቴንቱ ገባ። ካቴተርም ፊኛው ውስጥ አስቀመጡለት። ይሄኛው ግራ ገብቶኝ ጠየቅሁ፤ መንገዱ ከተከፈተ ሌላ ቱቦ ለምን? ስቴንት መንገዱን በሁለቱም በኩል ነው የሚከፍተው። ፊኛ ሞልቶ ሲጨነቅ ሽንቱ በዚያው ስቴንት ሽቅብ ተመልሶ ስንጥቁን ይገፋዋል። ፊኛው ለጥቂት ቀናት ባዶ ሆኖ መሰንበት አለበት። ወንድሜ ካቴተሩን ጠልቶት «አውጡልኝ» ሲል፣ ይሄን ስነግረው ነው ዝም ያለው።

ነርሷ ባለ ካሬ ደብተር እንድገዛ አዘዘችኝ። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከጀርባው ቱቦ የወጣውን ለብቻ፣ ከካቴተሩ የወጣውን ለብቻ እጽፋለሁ። ከጀርባው መጀመሪያ ዕለት 850 ሚሊ ሊትር። ስቴንቱ በገባ ማግስት 210። ከዚያ 90፣ 40፣ 15። የካቴተሩ ደግሞ በዚያው ልክ ይጨምራል። 15 በተጻፈበት ጠዋት እማዬ ደብተሩን ተቀብላኝ፣ ማንበብ አትችልም፣ ቁጥር ግን ታውቃለች፣ በጣቷ ከላይ ወደ ታች ተከትላ ወረደችና ደብተሩን ሳመችው። አልትራሳውንዱም ኩሬው መድረቁን አሳየ፣ ካቴተሩ ወጣ፣ በስተመጨረሻም የጀርባው ቱቦ። አንቲባዮቲኩን ጨርሶ ቤት ገባ።

ስቴንት ያለበት ሰው ሽንቱ ቶሎ ቶሎ ይመጣበታል፣ ሲሸና ጎኑን ይወጋዋል፣ አንዳንዴም ሽንቱ ይቀላል። ቀድሞ ካልተነገረው ይደነግጣል፤ የእኔው ወንድም ሌሊት ቀሰቀሰኝ። ትኩሳት ካለ ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ነው። ሌላው፣ ከሁሉ የሚያሳስበኝ፣ መርሳት ነው። ሕመሙ ሲለቅ ስቴንቱ ይረሳል። የተረሳ ስቴንት ደግሞ ጠጠር ይለብሳል፣ መንገዱን ይዘጋል፣ ማውጣቱም ከማስገባቱ የባሰ ይሆናል። እያንዳንዱ ታካሚ የሚወጣበት ቀን በወረቀት ተጽፎ በእጁ ሊሰጠው ይገባል፤ በቃል አይበቃም። እኔ ቀኑን በደብተሩ ሽፋን ላይ በቀይ ጻፍኩት፣ በእማዬም በወንድሜም ስልክ ላይ ሞላሁት።

በሰባተኛው ሳምንት ወጣለት። ማደንዘዣ ጄል አድርገው ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀው። ዩሮሎጂስቱ ቱቦውን በፎጣ ላይ አድርጎ አሳየን። ሲገባ ሰማያዊ ነበር፤ በሰባት ሳምንት ብቻ አንዱ ጫፍ ላይ ሻካራ ነገር ይዟል፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገር ነጭ ዝቃጭ። ወንድሜ በጣቱ ሊነካው ፈልጎ ነርሷ ከለከለችው።

ሲያሰናብተን አንድ ነገር ጨመረ። ኩላሊቱን የከበበው ቦታ ሲድን ጠባሳ ይሠራል፤ ጠባሳው ኩላሊቱን ከጨበጠው ደም ግፊት ሊያስነሳ ይችላል፣ ከወራትም በኋላ። «ወጣት ነኝ ብለህ አትተው፣ በየወሩ ተለካ» አለው።

ትናንት ከሰዓት፣ ክፍል ውስጥ እያለሁ ደወለ። ሳልወጣ አነሳሁት። ከፋርማሲው በር ላይ ነው፣ የባጃጇ ሞተር ከኋላ ይሰማል። «እቴ፣ 118 በ76» አለኝ። ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ጻፍኩት።