ዳንቴል የለበሰው ስፒከር

ሕይወት፦ እንደምን ሰነበታችሁ ወሎዬዎች፣ ወሎዬ ያልሆናችሁም። ደሴ ላይ ዛሬ የጦሳ ተራራ አይታይም፤ ጉሙ ከተማው ውስጥ ገብቷል። ርዕሳችን ትንንሽ የቤት ስፒከሮች ናቸው። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡት፣ ጥንድ ሆነው የሚሸጡት። ባለፈው ሳምንት ምን ትላላችሁ ብለን ነበር፤ የድምፅ መልእክቱ ጎርፏል። ሰዒድ፣ ከየትኛው እንጀምር?

ሰዒድ፦ ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልናገር።

ሕይወት፦ ይኸው።

ሰዒድ፦ አጭር ነው ወላሂ። የኔን ስፒከሮች ታውቂያቸዋለሽ አይደል? ያገለገሉ ናቸው፣ ኮምቦልቻ ነው የገዛኋቸው። የእንጨት ሳጥን፣ አንዱ ብቻውን አምስት ኪሎ የሚሆን። ሚኒባስ ውስጥ አንዱን ጭኔ ላይ፣ አንዱን ጎኔ አድርጌ የሐረጎን ዳገት ወጣሁ።

ሕይወት፦ ረዳቱ ዝም አለህ?

ሰዒድ፦ የሁለት ሰው አስከፈለኝ! «እሱም ተቀምጧል» ብሎ። ብቻ ቤት ገባሁ፣ ቡፌው ላይ ግራና ቀኝ አስቀመጥኳቸው፣ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ዳንቴል ለብሰዋል።

ሕይወት፦ እናትህ! (ሳቅ)

ሰዒድ፦ ሙሉ ልብስ እኮ ነው። ነጭ፣ ጠርዙ ላይ አበባ ያለው፣ ፊታቸው ላይ የወረደ። ከላይ ደግሞ የፕላስቲክ አበባ። «እማ፣ ይሄ እኮ ድምፁ የሚወጣበት ነው» ብላት፣ «ታዲያ ቀዳዳ አለው አይደል?» አለችኝ። ዳንቴሉን ማለቷ ነው።

ሕይወት፦ ምን አጠፋች? ፋብሪካውስ ጨርቅ አይደል የሚያለብሰው?

ሰዒድ፦ የፋብሪካው ስስ ነው፤ ድምፅ እንዲያሳልፍ ተብሎ የተመረጠ። የእናቴ ወፍራም ክር ነው፣ ያውም ድርብ። ትዊተሩን አፈነው። ትዊተር ማለት ላይ ያለችው ትንሿ፣ ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው። መንዙማ ስትሰሚ ጭብጨባው ጧ ጧ ይላል አይደል? ከዳንቴሉ በኋላ ሰዎቹ ጓንት አጥልቀው የሚያጨበጭቡ መሰሉ።

ሕይወት፦ እሺ፣ መልእክት። ይሄ ከሐይቅ ከተማ ነው። «ያለ ሰብዉፈር ትንሽ ስፒከር መግዛት ገንዘብ መበተን ነው» ይላሉ። ሰብዉፈር ያ ለብቻው የሚቀመጠው፣ ቤዙን ማለት ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ሳጥን ነው። እኔም ከሳቸው ጋር ነኝ። ቤዝ ከሌለው ምኑን ሙዚቃ ሆነ?

ሰዒድ፦ ኧረ ተይ። ትንሽ ሳጥን ከ50 ኸርዝ በታች ብዙም አይወርድም፤ እውነት ነው። ኸርዝ ማለት በሴኮንድ ስንት ጊዜ ይርገበገባል ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል። ግን የሰው ድምፅና ማሲንቆ ከዚያ በላይ ናቸው። እኛ ወሎ ውስጥ ምን እንሰማለን? ባቲ፣ አምባሰል፣ ትዝታ፣ አንቺ ሆዬ። አንድ ዘፋኝና አንድ ማሲንቆ ከሆነ ትንሹ ሳጥን ይበቃል፤ እንዲያውም ይበልጣል። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኤልኤስ 3/5ኤ የሚባል ትንሽ ስፒከር ሠራ። ለቤት አይደለም፤ የስርጭት መኪና ውስጥ ቦታ ስለጠበበ ነው። ባለሙያው የሰው ንግግር ትክክል መሆኑን እንዲሰማበት። ይኸው እስከ ዛሬ ሰው ይፈልገዋል።

ሕይወት፦ እኔ ስለ ንግግር አይደለም የማወራው፤ ስለ ሠርግ ነው። ከበሮው ሆዴ ውስጥ ካልገባ አልጨፍርም።

ሰዒድ፦ ሳሎን ውስጥ ሠርግ አለ እንዴ?

ሕይወት፦ እኛ ቤት አለ።

ሰዒድ፦ እሺ፣ በባንድ ሙዚቃ እሰጥሻለሁ። ቤዝ ጊታር 41 ኸርዝ ድረስ ይወርዳል። እዚያ ላይ የሐይቁ አድማጫችን ልክ ናቸው።

ሕይወት፦ ይመዝገብልኝ።

ሰዒድ፦ ግማሹ ይመዝገብ። አሁን ወደ እናቴ ልመለስ...

ሕይወት፦ ቆይ፣ ሌላ አለ። አንድ ወንድማችን «የኔ ካርቶኑ ላይ 5000 ዋት ይላል፣ ግን ሲጮህ ይሰነጠቃል» ይላል። ለምንድነው?

ሰዒድ፦ ከሥሩ ፒኤምፒኦ የሚል ካለ ቁጥሩን እርሳው፣ ወንድሜ። ለቅጽበት ብልጭ የምትል ጉልበትን አጋንኖ የሚጽፍ ነገር ነው። አርኤምኤስ የሚለውን ፈልግ፤ ሳይቋረጥ የሚሰጠው እሱ ነው። አርኤምኤሱ 20 ዋት ሆኖ ብታገኘው እንዳትደነግጥ። ሳሎን ውስጥ ቡና እየጠጣህ ስትሰማ የምትጠቀመው አንድ ሁለት ዋት ነው። ከዋቱ ይልቅ ዴሲቤሉን እይ፤ በአንድ ዋት፣ አንድ ሜትር ላይ ስንት ይጮሃል የሚለውን። ሦስት ዴሲቤል ያነሰ ስፒከር እኩል ለመጮህ እጥፍ ጉልበት ይፈልጋል። ጨረስኩ። እናቴ።

ሕይወት፦ አብሽር፣ ቀጥል። ዛሬ እንግዳችን እሷ ናት መሰለኝ።

ሰዒድ፦ ዳንቴሉን በስንት ልመና ፊታቸው ላይ ከፈት አደረግነው፤ እንደ መጋረጃ። ድምፁ ግን አሁንም ደስ አይልም። ቤዝ የሚባል ነገር የለም። ሁለት ወር ሙሉ ሻጩን ስረግም ከረምኩ። አንድ ቀን እናቴ ቡና እያፈላች፣ ፊት ለፊት በርጩማው ላይ ሆና፣ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ የት ሆኖ ነው የሚዘፍነው?» አለችኝ። «ስፒከሩ ውስጥ ነዋ።» «የቱ? በግራም ይመጣል፣ በቀኝም ይመጣል፣ መሃል ላይ የለም። ሬዲዮ ላይ እኮ አንድ ቦታ ይቆማል።»

ሕይወት፦ ምን ማለቷ ነው?

ሰዒድ፦ እኔም አልገባኝም። ማታ ላይ ከኋላ አዞርኳቸው። በግራው ቀዩ ሽቦ ቀዩ ላይ ነው። በቀኙ ቀዩ ጥቁሩ ላይ!

ሕይወት፦ የሰካው ማነው?

ሰዒድ፦ እሱን እንለፈው።

ሕይወት፦ አናልፍም።

ሰዒድ፦ እኔ ነኝ። እንደዚያ ሲሆን አንዱ ዉፈር፣ ማለት ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ፣ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል። ቤዙ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ መሃል መቆም ያለበት ዘፋኝ ደግሞ ይበተናል። ሽቦውን አስተካክዬ ስከፍተው ሰውዬው መጥቶ ቡፌው መሃል፣ ሲኒዎቹ ላይ ቆመ። እናቴ ቀና ብላ «እንዲህ ነው እንጂ» ብላ ቡናዋን ቀጠለች። ሻጩ እየሰሙ ከሆነ አፉ ይበሉኝ፣ ጋሼ።

ሕይወት፦ ስለዚህ ጆሮ ያላት እሷ ናት። ዳንቴሉም ላይ ልክ ልትሆን ትችላለች።

ሰዒድ፦ ዳንቴሉ ላይ አይደለችም!

ሕይወት፦ ለአቧራስ? ትዊተሩን የጎረቤት ልጅ በጣቱ ቢጨፈልቀውስ?

ሰዒድ፦ ...እሱ ላይ ሐሳብ አለ። ለማንኛውም ቤዙ ሲመጣ ሌላ ጣጣ መጣ። ሲኒዎቹ መንጫጫት ጀመሩ። ከግድግዳው ወደ ፊት ሳብ አደረግኳቸው፤ ግድግዳና ጥግ ቤዝ ያበዛል። ከዚያ ደግሞ ቡፌው ረጅም ነው፣ እንግዳው በርጩማ ላይ ነው። ትዊተሩ ከጆሮ እኩል መሆን አለበት። ካርቶን አጣጥፌ ከኋላ በኩል ከሥራቸው ከተትኩ፤ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። እናቴ አይታ ምን ብትል ጥሩ ነው? «አሁን ጨዋ ሆኑ፤ ለእንግዳ እጅ ይነሳሉ።»

ሕይወት፦ ማሻ አላህ! የመጨረሻ መልእክት፣ ከባቲ ነው። እህታችን «አሮጌው የጭቃ ቤታችን ውስጥ ሸጋ የነበረው ስፒከር አዲሱ ሴራሚክ ቤት ውስጥ ይጮህብኛል፤ ተበላሽቶ ነው?» ትላለች።

ሰዒድ፦ አልተበላሸም። የጭቃ ግድግዳ ሸካራ ነው፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ ነው፤ ድምፅ ይውጣሉ። ሴራሚክና መስታወት መልሰው ይወረውሩታል። ምንጣፍ አንጥፊ፣ ወፍራም መጋረጃ ስቀይ። የሐይቁ አድማጫችንም እሷም የሚነግሩን እኮ በግማሽ ስለ ስፒከሩ፣ በግማሽ ስለ ቤታቸው ነው።

ሕይወት፦ ሰብዉፈሩን ግን አልረታኸኝም።

ሰዒድ፦ አልረታሁም። ዋናውን ሳልረሳ፣ እንኪ። እናቴ ላከችልሽ።

ሕይወት፦ ምንድነው? (የፌስታል ድምፅ) ዳንቴል! ሁለት! ሰዒድ፣ እኔ ስፒከር የለኝም እኮ። ስልኬን ጣሳ ውስጥ አድርጌ ነው የምሰማው።

ሰዒድ፦ ነግሬያታለሁ። «ዳንቴሉ ካለ ስፒከሩ ይመጣል» አለች።

ሕይወት፦ ቆይ፣ ይሄኛው ከዚያኛው ይሰፋል እንዴ?

ሰዒድ፦ ሰፊው ለጣሳው ነው።