የፈረሰ ዕቃ ማንነቱ ሲታወቅ፦ ብልህ ፋብሪካዎችና ዑደታዊ ኢኮኖሚ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ተመልካቾቻችን። ዛሬ የምናየው ብልህ የማምረቻ ሥርዓቶች፣ ማለትም በሴንሰር፣ በካሜራና በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚመሩ ፋብሪካዎች፣ ለዑደታዊ ኢኮኖሚ፣ ማለትም ዕቃ ተጠቅሞ ከመጣል ይልቅ እየጠገኑ፣ እያደሱና መልሰው እየተጠቀሙ ለሚሠሩበት አሠራር፣ ምን እንደሚጠቅሙ ነው። የአውቶሜሽንን መሠረታዊ ነገር እንደምታውቁት በማመን በቀጥታ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ እንግባ።

ምናለሽ ተራ ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው በርሜል፣ ጎማና ቆርቆሮ የሚደርስበት ቦታ ነው። ባለሙያው አሮጌ በርሜል ሲቀርብለት ወዲያው መዶሻ አያነሳም። ያየዋል፤ ያገላብጠዋል፤ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። ዝገቱ ላይ ላዩን ብቻ ነው ወይስ ዘልቆ በልቶታል? የተያዘበት ዘይት ነው ወይስ ኬሚካል? ከዚያ በኋላ ነው የትኛው ገጽ ለምድጃ፣ የትኛው ለሳጥን እንደሚሆን የሚወስነው። ልብ እንበል፦ ከመቁረጡም ከመቀጥቀጡም በፊት ዋናው ሥራ ዕቃውን ማወቁ ነው። ደግሜ እላለሁ፣ ማወቁ ነው። ይህ ዕውቀት ግን በአንድ ሰው ዓይንና እጅ ላይ ያረፈ ስለሆነ፣ በሙጫ የተጣበቀ ባትሪ የያዙ ስልኮች በሺዎች ሲመጡ አይበቃም።

አፕል በ2018 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያስተዋወቀው ዴዚ የተባለ ሮቦት የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ከእርሱ በፊት በ2016 የታየው ሊያም የሚፈታው አንድ የአይፎን ሞዴል ብቻ ነበር። ዴዚ ግን ሲጀምር 9 ሞዴሎችን እየለየ በሰዓት እስከ 200 ስልኮችን ይፈታ ነበር፤ የባትሪውን ሙጫ ለማላቀቅ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ሴልሺየስ የቀዘቀዘ አየር ይነፋበታል። አሠራሩ በአጭሩ ይህ ነው፦ ካሜራው ሞዴሉን ይለያል፣ ሶፍትዌሩ የመፍቻውን ቅደም ተከተል ይመርጣል፣ ክንዱ ይፈታል።

ከተመልካቾቻችን ደጋግሞ የሚመጣ አንድ አስተያየት አለ፤ «ታዲያ ዑደታዊ ኢኮኖሚ ማለት ሪሳይክል ማድረግ፣ ማለትም አቅልጦ እንደገና መጠቀም፣ ብቻ አይደለም ወይ?» የሚል። እሱ ብቻ አይደለም፤ ልዩነቱም ሰፊ ስለሆነ ጊዜ ልስጠው። አሉሚኒየምን አቅልጦ እንደገና መጠቀም ከማዕድን አንሥቶ ለማምረት ከሚያስፈልገው ኃይል 5 በመቶ ያህሉን ብቻ ስለሚፈልግ በጣም ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ ደህና የሞተር አካል ሲቀልጥ ብረቱ ቢተርፍም፣ እርሱን ለመቅረጽና በትክክል ለመሞረድ የወጣው ድካምና ኃይል ሁሉ ይጠፋል። የፈረንሳዩ መኪና አምራች ሬኖ ከፓሪስ አጠገብ በሾዋዚ ለ ሯ ከ1949 ጀምሮ ሲሠራ የኖረው ሌላውን መንገድ ነበር፤ ያገለገሉ ሞተሮችንና ካምቢዮዎችን ፈትቶ፣ አጥቦ፣ መርምሮ፣ ያረጀውን ክፍል ብቻ ቀይሮ እንደገና መገጣጠም። ማቅለጥ መምጣት ያለበት መጠገንም ማደስም ሲያቅት ነው፤ ብልህ ሥርዓትም ትልቁ ጥቅሙ የቱ እንደሚታደስና የቱ እንደሚቀልጥ ሳይሳሳት መለየቱ ይመስለኛል።

ለመለየት ደግሞ መረጃ ያስፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 2027 ጀምሮ ገበያው ላይ የሚውሉ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪዎች ዲጂታል ፓስፖርት እንዲኖራቸው ደንግጓል፤ ኪውአር ኮዱ ሲነበብ ባትሪው ከምን እንደተሠራና ምን ያህል አቅም እንደቀረው ይታያል። ለመኪና የደከመ ባትሪ የፀሐይ ኃይል ለማጠራቀም ገና ሊያገለግል ስለሚችል፣ ይህ መረጃ ብዙ ገንዘብ ያወጣል።

አገራችን በ2024 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከልክላ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ፊቷን ስላዞረች፣ እነዚህ ባትሪዎች ነገ ከነገ ወዲያ ምናለሽ ተራ መድረሳቸው አይቀርም። እንደ በርሜል መታ መታ ተደርገው የሚመረመሩ አይደሉም፤ ያለ ጥንቃቄ የተከፈተ የሊቲየም ባትሪ ይቃጠላል። ስለዚህ የባትሪው ሙሉ መረጃ ከመኪናው ጋር አብሮ እንዲገባ አስመጪዎችን ከአሁኑ መጠየቅ አለብን ብዬ በጽኑ አምናለሁ። የደከመ ባትሪ እንዴት እንደሚመረመር በሚቀጥለው ክፍል በዝርዝር ስለምናሳይ፣ ቻናላችንን ሰብስክራይብ በማድረግ ጠብቁን።