የከፈለ ይናገራል፦ በሲልቨር ስፕሪንግ ለኮሚዩኒቲያችን ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ፣ ሺፍት ለውጣችሁ የመጣችሁ ብዙ ናችሁ። አክብራችሁ ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «ተራው ሰው ለምርጫ ዘመቻ ለምን ገንዘብ ያዋጣል?» የሚል ነው። መልሱን የነገሩኝ አንዲት እናት ናቸው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2018 ነው። እዚሁ ሜሪላንድ ያለው የአካባቢ አስተዳደራችን፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ በ2014 ያወጣውን የሕዝብ የምርጫ ፈንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ያዋለበት ምርጫ ነበር። ለአዲሶቹ ላስረዳ። ያኔ በፈንዱ የገባ ተወዳዳሪ ከድርጅት ገንዘብ አይቀበልም። ከአንድ ሰው ከ150 ዶላር በላይ አይወስድም። አንድ የካውንቲው ነዋሪ ለካውንስል፣ ማለትም ለካውንቲው ምክር ቤት፣ ተወዳዳሪ 50 ዶላር ከሰጠ፣ ካውንቲው 200 ይጨምርበታል። 50 ዶላሯ 250 ሆነች ማለት ነው። ለአንድ ዲስትሪክት የሚወዳደር ሰው ፈንዱን ለማግኘት ቢያንስ 125 ነዋሪዎች ሊሰጡት ይገባ ነበር። 125 ሰው ስንት ነው? አንድ መካከለኛ ዕድር!

እኔም ያን ጊዜ ለአንድ ተወዳዳሪ እየዞርኩ የአፓርታማ በር አንኳኳ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አራተኛ ፎቅ ላይ እኚህ እናት ከፈቱልኝ። ሌሊቱን ነርሲንግ ሆም ሲሠሩ አድረው ገና መነሳታቸው ነው። የመጣሁበትን እንኳ አልጠየቁኝም። «ቁጭ በል» አሉኝ። ቡና ተፈላ። አቦል ላይ ስለ ልጆቻቸው አወሩኝ። ቶና ላይ ስለ ቤት ኪራዩ። ወረቀቴን ያወጣሁት በረካው ሲቀዳ ነው።

ግሪን ካርድ ነው ያላቸው። መምረጥ አይችሉም። ገንዘብ መስጠት ግን ሕጉ ይፈቅድላቸዋል። ይህን ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ቦርሳቸውን ስበው ቼክ ጻፉ። 50 ዶላር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መቀበሉ ከበደኝ። የስንት ሰዓት ቁመት እንደሆነ አውቃለሁ።

«እማማ፣ መምረጥ ሳይችሉ ለምን ይሰጣሉ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ጉለሌ እያለሁ በዕድራችን ወርሃዊውን ያልከፈለ ሰው ስብሰባ ላይ አፉን አይከፍትም። እዚህ አገር 11 ዓመት አፌን ዘግቼ ኖርኩ። አሁን ከፈልኩ። እናገራለሁ።»

መልሱ ይኸው ነው። እማማ በዚያች ቼክ ውለታ አልገዙም። የዚህ ሰፈር ሰው ነኝ ብለው ተመዘገቡ። በርኒ ሳንደርስ በ2016 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር በየመድረኩ «27 ዶላር» እያለ የሚያነሳው አማካይ መዋጮ እንደ እሳቸው ካሉ ሰዎች የመጣ ነው። በ2008 ኦባማ ሲወዳደር ታክሲ እየነዳ 20 እና 25 ዶላር የላከ ሰው ከመካከላችን አልነበረም?

«የእኔ 50 ዶላር ምን ታመጣለች?» የሚል ካለ ደግሞ ይስማ። በ2018 የዴሞክራቶች ፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲው እጩውን በሚመርጥበት ምርጫ፣ ማርክ ኤልሪች ለካውንቲው ሥራ አስፈጻሚነት በዚሁ ፈንድ ተወዳደረ። ተቀናቃኙ ዴቪድ ብሌር ከራሱ ኪስ ሚሊዮኖች አፈሰሰ። ኤልሪች በ77 ድምፅ አሸነፈ። በ2022 ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። ድምፁ ዳግም ተቆጥሮ ልዩነቱ 32 ሆነ። ሠላሳ ሁለት! ይቺ የፊት ለፊት ረድፍ ናት።

አሁን ሆዴ ውስጥ የቆየውን ላውጣ።

ያ በር ያንኳኳሁለት ሰው አሸነፈ። ስሙን አልጠራም። ከምርጫው በፊት አዳራሻችን መጥቶ ነበር። ክትፎ በላ። ነጠላ አለበስነው፣ ጨረታ አጫረትንለት፣ እየተጋፋን ፎቶ ተነሳን። ከወራት በኋላ የእማማ ሕንፃ ኪራይ ጨመረ። ደብዳቤ ጻፍን። መልስ የለም። ደግመን ጻፍን። የለም። ሦስተኛውን ቢሮው ድረስ ወስጄ ሰጠሁ። አንድ ቀን እማማ ስልካቸውን ይዘው እየተጣደፉ መጡ። «መልስ ላከ መሰለኝ፣ አንብብልኝ» አሉ። አነበብኩት። «ለቀጣዩ ዘመቻችን 25 ዶላር ይርዱን» ይላል። ለእኚያ እናት ይህን በአማርኛ መንገር ምን ያህል እንደሚያሳፍር ታውቃላችሁ?

ወገኖቼ፣ ይህ አዳራሽ ፎቶ ቤት አይደለም! ክትፏችንን በልቶ ደብዳቤያችንን የማያነብ ሰው ዳግመኛ በዚያ በር መግባት የለበትም!

ጥፋቱ ግን የእሱ ብቻ አይደለም። የዕድራችን ገንዘብ ያዥ አንድ ብር ቢጎድልበት እናፋጥጠዋለን። ለተወዳዳሪ 10 ሺህ ዶላር ሰብስበን ስንሰጥ ግን አንድ ጥያቄ አንጠይቅም። አጨብጭበን፣ እስክስታ ወርደን ወደ ቤት! በ2023 የካውንቲው ካውንስል በነባር ሕንፃዎች ላይ የኪራይ ጭማሪ በዓመት ከ6 በመቶ እንዳያልፍ ወሰነ። ጉዳዩ የእኛው ጉዳይ ነበር። እስኪ እጃችሁን አውጡ፣ ከመካከላችን ካውንስሉ ፊት ቀርቦ ምስክርነት የሰጠ ስንት ነው? አያችሁ። ለመክፈል አንደኛ ነን፣ ለመናገር የለንም። እማማ የነገሩኝ ደንብ ግን ሁለቱንም ይዟል።

ስለ ሕጉ አጠር አድርጌ ልናገር። እንደ ለቅሶ ቤት በኮፍያ ሰብስቦ በአንድ ሰው ስም ቼክ መጻፍ ክልክል ነው። እያንዳንዱ በስሙ፣ ከገንዘቡ ይስጥ። ሲቲዝን ወይም ግሪን ካርድ የሌለው አይስጥ፣ ራሱን ይጎዳል። ለፌዴራል ተወዳዳሪ በአንድ ምርጫ ዙር ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስሙና ሥራው ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። ከታክስም አይቀነስም። ቀሪውን ጸሐፊያችን ያስረዷችኋል።

የሚቀጥለው ሐሙስ ማታ ተወዳዳሪዎች እዚህ ይመጣሉ። ምግቡ ይቀርባል፣ ከጥያቄው በኋላ ግን ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚጠይቁት እማማ ናቸው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ባለፈው ዓመት ሲቲዝን ሆነዋል። ሐሙስ የቼክ ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ የሚያወጡት ግን መልሱን ከሰሙ በኋላ ነው።

አመሰግናለሁ።