የተዘጋ የእንባ ቧንቧ በጠብታ አይከፈትም

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ እንደምን ዋላችሁ።

የዕድራችን ሊቀመንበር «ስለ ዓይን ትንሽ ንገረን፤ ግን ሰው እንዳይተኛ አሳጥረው» ብለውኛል። ስለዚህ ስለ ዓይን ሁሉንም አላወራም። ስኳርና ግፊት ዓይን ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ለሌላ ቀን ይቆየን። ዛሬ የማወራው ስለ አንዲት ትንሽ ቧንቧ ነው። እሷ ስትዘጋ ዓይን ያለቅሳል፣ ይመግላል፣ አንዳንዴም የአፍንጫ ጎን ያብጣል። ብዙ ሰው ግን ለዓመታት ከፋርማሲ ጠብታ እየገዛ ይኖራል። ይህቺን ቧንቧ ጠብታ አይከፍታትም። ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው።

እስቲ ቤት ስትገቡ እጃችሁን ታጠቡና መስታወት ፊት ቁሙ። የታችኛውን የዓይን ቆብ በአፍንጫ በኩል ባለው ጫፉ ትንሽ ገልበጥ አድርጉት። ጠርዙ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ታያላችሁ። እንባ የሚገባው በእሷ ነው። የላይኛው ቆብ ላይም አንድ አለች። እንባ የሚመነጨው ከዓይን በላይ፣ በውጭ በኩል ካለ ዕጢ ነው። ዓይንን ካጠበ በኋላ በእነዚህ ሁለት ቀዳዳዎች ይገባል። አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ በሚሆን ቀጭን መስመር አልፎ ከአፍንጫ አጥንት ጎን ወደተቀመጠ ከረጢት ይደርሳል። ከዚያ በአጥንት ውስጥ በሚወርድ ቧንቧ አፍንጫ ውስጥ ይፈሳል። ለቅሶ ቤት ስናለቅስ አፍንጫችን አብሮ የሚፈሰው ለዚህ ነው። የዓይን ጠብታ አድርጋችሁ ጉሮሯችሁን መረር ካላችሁም ቧንቧችሁ ክፍት ነውና ደስ ይበላችሁ።

አሁን ታችኛው ቧንቧ ተዘጋ እንበል። እንባ መሄጃ ያጣና በጉንጭ ይወርዳል። ከረጢቱ ውስጥ የቀረው ደግሞ ይቆማል። የእጅ መታጠቢያ ገንዳ ሲደፈን ውኃው ምን እንደሚሸት ታውቃላችሁ። እዚያም እንዲሁ ነው። በቆመው እንባ ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል፣ መግል ይቋጠራል። በአዋቂዎች ላይ ይህ በብዛት የሚታየው መካከለኛ ዕድሜን ባለፉ ሴቶች ነው። የአጥንቱ ቧንቧ በሴቶች ጠበብ ያለ መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው ይባላል። የፊት አጥንት ስብራትና የቆየ የአፍንጫ ሕመምም መንስኤ ይሆናሉ።

በርበሬ የሚነግዱ አንዲት እናት እኔ ዘንድ መጥተው ነበር። የነጠላቸው አንደኛው ጫፍ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ጎረቤቱ «በርበሬው ነው» ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ «ዕድሜ ነው» ብለው ትተውታል። ቦርሳቸውን ሲከፍቱ በግማሽ የቀሩ የጠብታ ጠርሙሶችና ተጨምቀው ያለቁ የቴትራሳይክሊን ቅባቶች ወጡ። ጓንት አድርጌ በዓይናቸው ጥግና በአፍንጫቸው መካከል በጣቴ ጫን አልኩ። በዚያች ቀዳዳ ወፍራም ቢጫ መግል ብቅ አለ። ያን ሁሉ ጊዜ ቅባቱ ከላይ ሲቀባ፣ መግሉ ከታች ተደላድሎ ተቀምጦ ነበር።

እርግጠኛ ለመሆን ሌላም ምርመራ እናደርጋለን። መጀመሪያ ማደንዘዣ ጠብታ ይደረጋል። ከዚያ ጫፏ በማይወጋ ቀጭን መርፌ በቀዳዳዋ ንጹሕ የጨው ውኃ ቀስ ብለን እንገፋለን። «ጨው ጨው አለዎት?» ብለን እንጠይቃለን። ውኃው ጉሮሮ ከደረሰ መንገዱ ክፍት ነው። ከተዘጋ ግን ውኃው ዞሮ በላይኛው ቀዳዳ ይመለሳል፤ መግልም ይዞ ይመጣል። ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ይህ ብልሃት የዛሬ አይደለም። ዶሚኒክ አኔል የተባለ ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም በ1700ዎቹ መጀመሪያ ለዚሁ ሥራ ቀጭን ሲሪንጅ ሠርቶ ነበር።

አንድ ነገር እንዳትሳሳቱ ግን። የሚያለቅስ ዓይን ሁሉ ቧንቧው ተዘግቷል ማለት አይደለም። በእኛ አገር ትራኮማ አለ። በዓለም ላይ የትራኮማ ሸክም ከሁሉ በላይ የከበደባት አገር ኢትዮጵያ ናት። ትራኮማ ቆቡን ወደ ውስጥ አጥፎ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ሲቧጥጠው ዓይን ያለቅሳል፤ ያ ሌላ ቀዶ ሕክምና አለው። ትራኮማ ጠባሳ ጥሎ የእንባ ቀዳዳዎቹን ራሳቸውን የሚደፍንበት ጊዜም አለ። አለርጂም ያስለቅሳል። የሚገርማችሁ፣ የዓይን ድርቀት ራሱ ያስለቅሳል። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር ተመካክሮ በሽታውን መወሰን አይሆንም። መታየት ነው።

አንዳንዴ ይህ ዝም ብሎ የኖረ ከረጢት ድንገት ይቆጣል። ከዓይን ጥግ ወረድ ብሎ የአፍንጫው ጎን ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይጠዘጥዛል፣ ትኩሳት ያመጣል። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። «ምች ነው» ተብሎ ዳማ ከሴ ይታሻል። በምላጭ የሚበጣም አለ፤ እንደ ብጉንጅ የሚያፈርጥም አለ። እባካችሁ አትንኩት። መግሉ ወደ ዓይን ጉድጓድ ከዘለቀ ማየትን ሊያሳጣ፣ ሕይወትንም አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። በዚያን ቀን የሚያስፈልገው የሚዋጥ ወይም በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ነው። መግሉ በጣም ከቋጠረ ሐኪሙ ያወጣዋል። ቁጣው እስኪበርድ ግን ቧንቧው ውስጥ ምንም ነገር አይከተትም።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። እብጠቱ ይቀንሳል፣ ሕመሙ ይጠፋል፣ ሰውየውም በዚያው ይጠፋል። «ዳንኩ» ይላል። ቧንቧው እኮ አሁንም ዝግ ነው! ከወራት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ አብጦ ይመለሳል።

የዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ለምትጠብቁ አንድ ቃል ልጨምር። ከረጢታችሁ ውስጥ መግል ካለ ለሐኪሙ ሳትነግሩ ጠረጴዛ ላይ እንዳትወጡ። ዓይን ሲከፈት ያ ባክቴሪያ አጠገቡ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ብርሃን ሊመለስበት የነበረው ዓይን እስከ መጨረሻው ሊጠፋ ይችላል። መጀመሪያ ከረጢቱ ይታከማል፣ ቀጥሎ ሞራው ይነሣል። «ወረፋዬ ያልፈኛል» ብሎ መደበቅ አያዋጣም።

ወደ ኦፕራሲዮኑ ልግባ። ብዙዎቻችሁ የምትፈሩት እሱን ስለሆነ በዝርዝር እነግራችኋለሁ።

ፍርሃቱ እውነትም የቆየ ነው። ከ3,700 ዓመት በፊት በባቢሎን የወጣው የሐሙራቢ ሕግ፣ በዓይን አካባቢ ያለ እብጠት በነሐስ ምላጭ ከፍቶ የጌታን ሰው ዓይን ያዳነ ሐኪም 10 ሰቅል ብር ይከፈለው ይላል። ዓይኑን ካጠፋው ደግሞ እጁ ይቆረጥ ይላል። እኔ በዚያ ዘመን ባለመፈጠሬ አመሰግናለሁ። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን ቦታውን በጋለ ብረት መተኮስ ነበር ሕክምናው። ዛሬ የምንሠራውን መንገድ የጀመረው አዴዮ ቶቲ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ነው፤ ዘመኑም በፈረንጆች አቆጣጠር 1904 ነበር። በ1921 ደግሞ ሁለት ፈረንሳውያን የከረጢቱን ስስ ሽፋን ከአፍንጫው ሽፋን ጋር መስፋትን ጨመሩበት። መሠረቱ እስከ ዛሬ ያው ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። የተዘጋውን ቧንቧ አንጠግነውም፣ እንተወዋለን። ከረጢቱና አፍንጫው ጎረቤት ናቸው፤ የሚለያቸው ስስ አጥንት ብቻ ነው። በዚያ አጥንት ላይ አዲስ በር እንከፍታለን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፊት ይደነዝዛል፤ ወይም ሰውየው ሙሉ በሙሉ ይተኛል። አፍንጫ ውስጥ መድማትን የሚቀንስ መድኃኒት የተነከረ ጎዝ ይጠቀጠቃል። በዓይን ጥግና በአፍንጫ መካከል አንድ ሴንቲ ሜትር ወይም ትንሽ የሚበልጥ ቆዳ ይከፈታል። ከሥሩ አጥንቱ ይገኛል። በልዩ መቆንጠጫ እየተለቀመ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቀዳዳ ይወጣለታል። በማደንዘዣ ነቅተው የሚሠሩ ሰዎች በዚህ ጊዜ ኩርሽም ኩርሽም የሚል ድምፅ ይሰማቸዋል። አያምም፤ ግን ቀድሞ ካልተነገራቸው ይደነግጣሉ። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ ቀድሜ እነግራለሁ። ከዚያ ከረጢቱ ይከፈታል፣ መግሉ ይጠረጋል፣ ሽፋኑ ከአፍንጫው ሽፋን ጋር ይሰፋል። አዲሱ በር ተመልሶ እንዳይገጥም ብዙ ጊዜ ቀጭን የሲሊኮን ቱቦ በሁለቱ የእንባ ቀዳዳዎች ገብቶ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ቆዳው ይሰፋል። ሁሉም ነገር አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ብሌኑ አልተነካም። «ዓይኔን ቢያጠፉትስ?» የምትሉ ይህን ያዙልኝ። ቢላዋው የሚያርፈው አፍንጫ ጎን ነው። ጠባሳውም በሚገባ ሲሰፋ ከወራት በኋላ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ፊት ላይ ምልክት የማይፈልግ ሰው በአፍንጫ ውስጥ በካሜራ የሚሠራም አለ። ካሜራውና የሠለጠነው ባለሙያ ግን በየቦታው አይገኝም።

ከተሠሩት ሰዎች ከ10 ዘጠኙ ገደማ ይድናሉ። የቀሩት ጠባሳ በሩን መልሶ ስለሚዘጋባቸው ድጋሚ ሊሠሩ ይችላሉ። በጣም ላረጁና ረጅም ኦፕራሲዮን ለማይችሉ ከረጢቱን ጨርሶ ማውጣት ይቻላል። ያኔ መግሉ ይቀራል፣ እንባው ግን መፍሰሱን አያቆምም። ይህን አስቀድሞ ተነጋግሮ መስማማት ያስፈልጋል። አለበለዚያ በኋላ «ምኑን አዳናችሁኝ?» ማለት ይመጣል።

የዚህ ኦፕራሲዮን ዋና ጣጣ መድማት ነው። ግፊታችሁ ቀድሞ ይስተካከል። አስፕሪን ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ተናገሩ፤ በራሳችሁ ፈቃድ ግን አታቁሙ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለአንድ ለሁለት ሳምንት አፍንጫ መናፈጥ የለም። ካስነጠሳችሁ አፋችሁን ከፍታችሁ አስነጥሱ። ስፌቱ በሳምንት ገደማ ይወጣል። ቱቦው ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ይቆያል። በዓይን ጥግ ላይ ትንሽ ብልጭ ስትል ትታያለች፤ ልጆች «ምንድን ነው?» ብለው እንዳይጎትቷት ተጠንቀቁ። ሾልካ ከወጣች አትቁረጧት፣ አትጎትቷት፤ ጉንጭ ላይ በፕላስተር ለጥፋችሁ ወደ ሐኪም ኑ።

ሕፃናትን ሳልጠቅስ ብቀር እናቶች አይለቁኝም። ሕፃን ሲወለድ በቧንቧው ታችኛ ጫፍ ላይ ስስ ሽፋን ሳይከፈት ሊቀር ይችላል። ዓይኑ ያለቅሳል፣ ያጣብቃል። ለእነዚህ ኦፕራሲዮን አንቸኩልም። ከ10 ሕፃናት ዘጠኙ ዓመት ሳይሞላቸው ራሱ ይከፈትላቸዋል። እናት ጥፍሯን ቆርጣ፣ እጇን ታጥባ፣ ጣቷን በዓይኑ ጥግ አሳርፋ በአፍንጫው ጎን ወደ ታች ጫን እያለች ታሸዋለች። በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ በየጊዜው አሥር ያህል። ዓመት ሞልቶት ካልተከፈተ በአጭር ማደንዘዣ ቀጭን ዘንግ ገብቶ ይከፈታል። የጡት ወተት ወይም ቅቤ ዓይን ውስጥ መጨመር ግን ይቅር። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዓይኑ መግል ካፈሰሰ ያን ቀን ውሰዱት። ዓይኑ ተለቅ ብሎ ብርሃን ከሸሸ፣ ወይም በአፍንጫው ጎን ሰማያዊ እብጠት ይዞ ከተወለደ፣ ያም ማሸት ብቻ የሚበቃው አይደለም።

«የት እንሂድ?» ለምትሉ፣ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ሪፈር ይጻፍላችኋል። አዲስ አበባ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው። ጎንደርና ጅማ ያሉ ዘመዶቻችሁ ደግሞ የዓይን ሐኪሞች የሚሠለጥኑባቸው ዩኒቨርሲቲዎች በከተማቸው አሏቸው። ስትሄዱ የምትጠቀሙትን መድኃኒት ሁሉ፣ ባዶ ጠርሙሱን ጭምር ይዛችሁ ሂዱ። «ዓይኔ ያለቅሳል» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። «ጥጉን ስጫነው ይህ ይወጣል» በሉ። እንባችሁ ደም ከቀላቀለ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ የበቀለ ዕጢ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ መታየት አለበት።

ሊቀመንበሩ ሰዓታቸውን ማየት ጀምረዋል። ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ። ዓይናችሁ የሚያለቅስ ግን መጀመሪያ በሩ አጠገብ ወደተቀመጠችው ነርስ እለፉ፤ እዚያው እያየች ሪፈር ለሚያስፈልገው ትነግረዋለች። ሳሙናና ውኃ ውጭ አለ፤ ሳትታጠቡ ዓይናችሁን እንዳትነኩ።