ከቁልቢ እስከ ጥምቀት፦ ልጆቻችን በበዓላችን ሥራ ይኑራቸው

(በድሬዳዋ በአንድ የሰፈር እድር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የእድራችን ሊቀ መንበርና የሥራ አመራር አባላት፣ የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

ጾመ ነቢያት ሊገባ ጥቂት ቀናት በቀሩበት በዛሬው ጉባኤያችን ላይ ስለ በዓል አከባበራችን እንድናገር ስለፈቀዳችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የምናገረው ስለ አንድ ቤተሰብ፣ ይኸውም ስለ ራሴ ቤተሰብ ቢሆንም፣ ብዙዎቻችሁ የየቤታችሁን ነገር በውስጡ እንደምታገኙት አምናለሁ። ልጆቻችን የበዓል ቀን አዲስ ልብስ ለብሰው ማዕድ ሲቀርብ ብቻ የሚጠሩ እንግዶች እየሆኑብን ነው። እኔ የምለምናችሁ፣ ከዘንድሮው በዓል ጀምሮ እያንዳንዱ ልጅ በቤቱም በሰፈሩም የራሱ የሆነ፣ እሱ ካልሠራው የሚጎድል ሥራ እንዲሰጠው ነው።

በድሬዳዋ የክርስቲያን ቤተሰብ በዓል የአንድ ቀን ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ይነግሣል፤ በአሥረኛው ቀን ገና ይከተላል፤ ጥር 10 ከተራ፣ 11 ጥምቀት፣ 12 ቃና ዘገሊላ እየተባለ ወሩ አጋማሽ ሊደርስ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቤታችን ሰው አይለየውም። ሌላው የአገራችን ክፍል ለቁልቢ ወደ እኛ ይመጣል፤ እኛ ደግሞ ተቀባዮች ነን። ይህ የተቀባይነት ድርሻ የከተማችንን ቤተሰቦች የበዓል ልማድ ከሌላው ቦታ የተለየ አድርጎታል ብዬ አምናለሁ።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ የልጅነት ቤታችን ከጣቢያው ብዙም አይርቅም ነበር። ከተማችን ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ባይደርስ ኖሮ ሰፈሮቿ ከዚራም መጋላም ዛሬ የምናውቃቸውን መልክ ባልያዙ ነበር። ለቁልቢ ንግሥ ከአዲስ አበባና በመንገዱ ላይ ካሉት ከተሞች በባቡር የሚመጣው ምእመን እዚህ ወርዶ በመኪና ወይም በእግሩ ወደ ደንገጎ ዳገት ያመራል፤ ከዚያም በምዕራብ በኩል ወደ ቁልቢ ይዞራል። መንገዱ በጠቅላላው ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከመነሣቱ በፊት የሚያድርበት ቤት ያስፈልገዋል፤ ዘመድ ያለው ወደ ዘመዱ፣ ዘመድ የሌለው ደግሞ ዘመዱን ወደሚያውቅ ሰው ቤት ይሄዳል። በዚያ ሳምንት በቤታችን አልጋው ለእንግዶች ተለቅቆ እኛ ልጆች ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግተን እንተኛ ነበር፤ ደግሞም ይህን ቅር ብሎን አያውቅም።

ቁልቢ የሚነግሠው በጾም ውስጥ መሆኑን ታውቃላችሁ። ስለዚህ እናቴ ያን ሁሉ እንግዳ የምታስተናግደው በሽሮ፣ በምስር፣ በተልባና በሱፍ ፍትፍት ነበር፤ ለመንገደኞቹም ስንቅ የሚሆን ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ታሰናዳለች። ቆሎውን መልቀምና ማበጠር፣ ስንቁን በየከረጢቱ መቋጠር የእኛ የልጆች ሥራ ነበር። በዚያ ሥራ ላይ ተቀምጠን ነው ስለት ምን እንደሆነ የሰማነው፤ ልጅ አጥታ ተስላ ያገኘችውን ልጅ አቅፋ ወደዚያው ለክርስትና የምትሄድ እናት፣ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ጎልማሳ፣ ጥላ ሊያስገቡ የመጡ አሮጊት ቤታችን አድረው ታሪካቸውን ሲያወጉ እየለቀምን እናዳምጥ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑን ራስ መኮንን ከአድዋ ድል በኋላ እንዳሠሩት፣ በዓሉም መልአኩ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣበት መታሰቢያ እንደሆነ መጀመሪያ የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከእነዚያ እንግዶች አፍ ነው። ሥራ ባይሰጠን ኖሮ እንደማንኛውም ልጅ ውጭ ስንጫወት እንውል ነበር፤ እንግዶቹም ያልፉን ነበር።

አሁን ወደ ገና ዋዜማ ልለፍ፤ ጥቂት እንድዘገይበትም ፍቀዱልኝ፣ ምክንያቱም ልል የፈለግሁት ነገር ይበልጥ የሚታየው በዚያ ምሽት ነውና።

እናቴ የዶሮ ወጥ ሥራን ለብቻዋ አትሠራም ነበር። ሽንኩርት መላጥና መክተፍ የታላቅ ወንድሜ ድርሻ ነው። ወንድ ልጅ ከጓዳ በሚባረርበት ዘመን እሷ ወንድሜን አላባረረችም፤ ስለዚህ ውሳኔዋ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ሽንኩርቱ ደቅቆ ተከትፎ፣ ዘይት ሳይነካው፣ በለዘበ የከሰል እሳት ላይ ውሃውን እስኪጨርስ ይቁላላል። እሳቱ በርትቶ ከያዘ ያርራል፤ ማማሰያው ካረፈም ከሥር ይይዛል፤ ተቸኩሎ በርበሬ ከተጨመረበት ደግሞ ወጡ ቅልጥ ብሎ አይዋሐድም፣ ሽንኩርቱ ለብቻው፣ መረቁም ለብቻው ይሆናል። ወንድሜ ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ ከድስቱ አጠገብ ሲቆም እናቴ «በቃ» የምትለው ቀለሙን አይታ ሳይሆን ሽታውን አሽትታ ነበር። እሱም ዛሬ በራሱ ቤት እንደዚያው ያደርጋል።

የእኔ ድርሻ ዶሮዋን ማጠብ ነበር። ላባዋ ተነጭቶ፣ በእሳት ተለብልቦ፣ 12 ብልቷ ከወጣ በኋላ በሎሚና በጨው እየታሸች ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ትታጠባለች። ብልት ማውጣቱን እናቴ ያስተማረችኝ ቢላዋውን ከመስጠቷ በፊት ጣቴን ይዛ መጋጠሚያውን በማስዳሰስ ነው፤ «ቢላዋ አጥንት ካገኘ ቦታው አይደለም፣ እንደገና ዳስሽ» ትለኝ ነበር። ታናሽ እኅቴ ለየብልቱ የሚደርሰውን 12 እንቁላል እንድትልጥ ይሰጣታል፤ ነጩ እንዳይቧጨር ስለምትጠነቀቅ እስከ ቅዳሴ መውጫ የሚያደርስ ትዕግሥት ነበራት። ሌሊቱን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ስንፈስክ አባቴ ፈረሰኛው ሲቀርብላቸው ሽንኩርቱን ማን እንደከተፈ፣ ዶሮዋን ማን እንዳጠበ እየጠየቁ በየስማችን ይመርቁን ነበር። ምርቃቱ ለሥራችን ስለነበር ይገባናል ብለን እንቀበለው ነበር።

የገና ጨዋታውን በአጭሩ ላንሣው። በበጋ በሚደርቀው በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሩር የሚመታበት ጊዜ ነበር፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለውም ጌታና ሎሌ ያለ ልዩነት ስለሚሰለፉ ነው። ዛሬ እዚያው ቦታ ኳስ ይጫወታሉ፤ ልጆቻችን አብረው እስከተጫወቱ ድረስ በእኔ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታ ያለኝ በሌላ ነገር ነው። የበዓል ጠዋት ትሪ ይዞ ወደ ጎረቤት የሚሄድ ልጅ እየጠፋ መጥቷል። ከከተማችን ኑሮ ዋናው ይህ ነበር። ከእኛ ግድግዳ ጋር ግድግዳቸው የተያያዘ፣ «አዴ» ብለን የምንጠራቸው ሙስሊም እናት ነበሩ። ለእሳቸው የሚሄደው ትሪ ሥጋ የነካው ነገር አይደርስበትም፤ ድፎ ዳቦ፣ ፈንዲሻ፣ እንዲሁም ጠላው ተትቶ በማር የተበጠበጠ ብርዝ ወይም ቅሪቦ ነው የሚያዘው። ለኢድ ደግሞ ከእሳቸው ቤት ሐላዋ፣ ሙሸበክና ሳምቡሳ ይመጣል፤ ሥጋ ያለበትን ሳምቡሳ ለይተው ያስቀሩታል። ማን ምን እንደሚበላና እንደማይበላ፣ ለምን እንደማይበላም ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ ትሪውን በማዘጋጀት አወቅነው። እናቴ ደግሞ አንድ ደንብ ነበራት፤ አንድ ልጅ የሚላክበትን ቤት በየዓመቱ አይቀያይርም። አዴ ቤት የምሄደው ምንጊዜም እኔ ነኝ፤ በደጃፋቸው ቆሜ «እናቴ እንኳን አብሮ አደረሰን ብላለች» ማለት ያለብኝም እኔው ነኝ። ከተሳሳትኩ እሳቸው ራሳቸው አርመው ያስደግሙኛል። ሳህናችን ባዶውን ተመልሶ አያውቅም፤ እኔም ባዶ እጄን አልተመለስኩም፤ የቤቱ ልጅ ሆኜ ነው ያደግሁት። በሠርጌ ጊዜ የሙስሊም እንግዶች ድግስ ለብቻው ታርዶ ለብቻው ሲሠራ ድስቱን የያዙልኝም እሳቸው ነበሩ።

የምሥራቅ አገር ሰዎች ሊኮሩባቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍረዋል፤ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም.፣ የሐረሪዎች የሹዋሊድ በዓል ደግሞ በ2016 ዓ.ም.። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1998 ዓ.ም. የሐረር ጀጎል ግንብ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ግንብ ዘበኛና ጠጋኝ ካገኘ ይቆያል። በዓልን ግን ዘበኛ አይጠብቀውም፤ ጥምቀት ጥምቀት የሚሆነው ምንጣፉን የሚዘረጋና የሚያነሣ ወጣት፣ መዝሙሩን የሚያውቅ ልጅ፣ መንገዱን የሚጠርግ ሰው ሲኖር ነው። ታቦታቱ በሚያልፉበት መንገድ ላይ ሙስሊም ወጣቶች ለተጠማው ውሃ ሲያድሉ፣ የእኛም ልጆች ለኢድ የሶላቱን ቦታ ሲያጸዱ አይተናል። ያን የሚያደርጉት ወጣቶች ትሪ ይዘው ያደጉት ልጆች ናቸው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ጊዜ የለንም፣ ኑሮውም ተወድዷል የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ትክክል ናችሁ። እናቶች ከሥራ ወጥተው ነው ወደ ገበያ የሚሮጡት፤ እንጀራ ከሱቅ መግዛት፣ ዶሮዋንም ብልቷ ወጥቶ የተዘጋጀችውን ማምጣት ነውር ሆኖ አይታየኝም። በግ መግዛት ያልቻለ ቤተሰብ ቅርጫ ይገባል፤ ቅርጫም ትልቅ ትምህርት ነው። ሥጋው በመደብ በመደብ ተስተካክሎ ሲቀመጥ፣ ማንም እንዳያዳላ ዕጣውን ሕፃን ልጅ እንዲያወጣ ይደረግ የነበረውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የምጠይቀው ድግሱ እንዲበዛ አይደለም። አንድ ኪሎ ሽንኩርት ቢሆን እንኳ የሚከትፈው ልጅ ይሁን፤ ወንድም ሴትም። ሥልኩን እናስቀምጥ ብለን ከመጨቃጨቅ እጁን የሚይዝ ሥራ ብንሰጠው ይሻላል።

አሁን እድራችንን በቀጥታ ወደሚመለከተው ጉዳይ እመጣለሁ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች በሞቱ ጊዜ፣ በተከተለው ገና በከተማችን ድስት ያልተጣደባቸው ቤቶች ብዙ ነበሩ። በባህላችን ሐዘን የገባበት ቤት የመጀመሪያውን በዓል ለብቻው አይውልም፤ ዘመድና ጎረቤት ምግቡን ይዞ ሄዶ አብሮ ይቀመጣል። በዚያ ዓመት እናቴ የሠራችውን ወጥ ከፍላ ግማሹን በሁለት ሰሐን አድርጋ ሰጠችንና እኔና ወንድሜ ይዘን ሄድን። ምን ማለት እንዳለብን አስቀድማ ነግራን ነበር፤ «ምንም አትበሉ፤ ሰላም ብላችሁ አስቀምጡ፤ ብሉ እስኪሏችሁ ተቀመጡ፤ ሲሏችሁ ብሉ» አለችን። እንደዚያው አደረግን።

ይህን ሥራ ዛሬ እድራችን በኮሚቴ ይሠራዋል፤ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚሄዱት ምንጊዜም ያው ሽማግሌዎቻችን ናቸው። ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በዚህ ዓመት ሐዘን የገባባቸውን አባል ቤተሰቦች ዝርዝር ጸሐፊያችን ይዘዋል። ለገና ለእያንዳንዱ ሐዘንተኛ ቤት ሁለት ቤተሰቦች ይመደቡ፤ ሰሐኑን ይዘው የሚሄዱት የእነዚያ ቤተሰቦች ልጆች ይሁኑ፤ አንድ ትልቅ ሰው ብቻ አብሯቸው ይሂድ። የሐዘኑ ቤት የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ከሆነ በእነሱ በዓል፣ እነሱ በሚበሉት ምግብ እንዲሁ ይደረግ። ለጥምቀትም በሰፈራችን በኩል የሚያልፈውን መንገድ ጥር 9 ከሰዓት በኋላ የሚጠርጉና ውሃ የሚረጩ ልጆች ይመዝገቡ፤ መጥረጊያና ባልዲ ከእድሩ ዕቃ ቤት ይውጣላቸው።

የእኔ ሁለት የልጅ ልጆች ተመዝግበዋል። ጉባኤው ሐሳቡን ከተቀበለው፣ ጾሙ ኅዳር 15 ከመግባቱ በፊት የልጆቻችሁን ስም ለጸሐፊያችን እንድታስይዙ፣ የሚሄዱበትንም ቤት ከአሁኑ እንድትነግሯቸው በትሕትና እጠይቃለሁ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።