ቡናማው ቀለም ሲያታልል

[ምስል፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ። ቀትር። ዛፍ ጥላ ሥር የተደረደሩ ባጃጆች።]

አቦ፣ ሙቀቱ! ሰው ሁሉ ጥላ ይዟል። እኛ ግን የላብራቶሪውን በር ዘግተን አንድ ፕሮቲን ልንፈልግ ነው። ስሙ ፒ53 ይባላል። የሴሉ ዲኤንኤ ሲጎዳ «ቆይ፣ አትከፋፈል» የሚለው እሱ ነው። ጉዳቱ ካልተጠገነ ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። ከሰው ካንሰሮች በግማሽ ያህሉ የዚህ ፕሮቲን ጂን ተበላሽቶ ይገኛል።

[ምስል፦ በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ቀለም አልባ ሴሎች።]

ይኸው፣ ምንም የሚለይ ነገር የለም። አንድ ሴል ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የፕሮቲን ዓይነቶች ታጭቀዋል። ከዚያ መሀል ፒ53ን ነጥሎ የሚይዝልን አንቲቦዲ ነው፤ ሰውነት እንግዳ ነገርን ለይቶ ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን። የሰው ፒ53 አይጥ ስትወጋ ሰውነቷ «ይሄ እንግዳ ነው» ብሎ አንቲቦዲ ይሠራበታል። ኮለርና ሚልስታይን የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1975 ያመጡት ብልሃት፣ አንቲቦዲ የሚሠራውን ሴል መከፋፈል ከማያቆም የካንሰር ሴል ጋር ማዋሐድ ነበር። አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ሳይቋረጥ ይመረታል። ካንሰርን ለማጥናት ካንሰር ሲያግዝ አስቡት።

[ምስል፦ መስታወት ላይ የሚፈስ ነጭ ፈሳሽ።]

ሴሎቹ በፎርማሊን ባሉበት ይረጋሉ፤ ሽፋናቸው በሳሙና መሰል ነገር ይሳሳል። ቀጥሎ ወተት! አዎ፣ ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት። አንቲቦዲ ያገኘው ነገር ላይ የመለጠፍ አመል አለው፤ የወተቱ ፕሮቲን ባዶውን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። ከዚያ የአይጧ አንቲቦዲ፣ እጥበት፣ የአይጧን አንቲቦዲ የሚይዝ ከፍየል የተገኘ ሁለተኛ አንቲቦዲ፣ እንደገና እጥበት። ይሄ ሁለተኛው አንቲቦዲ ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ተሸክሟል። ዳብ የሚባል ኬሚካል ሲጨመር ኢንዛይሙ ያለበት ቦታ ቡናማ ይሆናል። እንደ ሂና ነው፤ ሲቆይ ይጠቁራል። ይሄኛውን ግን እጃችሁ ላይ እንዳትሞክሩት። ካንሰር ያመጣል ተብሎ ስለሚጠረጠር በጓንት ነው የሚያዘው።

[ምስል፦ ኒውክሊየሳቸው ቡናማ የሆነ ሴሎች።]

ግር የሚለው እዚህ ጋ ነው። ጤነኛ ሴል ላይ ቡናማው እምብዛም አይታይም። ጤነኛ ፒ53 ዕድሜው አጭር ነው፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግማሹ ይፈርሳል። የተበላሸው ግን በቀላሉ አይፈርስም፣ ይከማቻል። ስለዚህ ደማቅ ቡናማ አይታችሁ «ዘበኛው ፒ53 ሞልቷል» ብላችሁ ደስ አይበላችሁ። ሥራ የፈታ ዘበኛ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ብልሽት ደግሞ ፕሮቲኑን ጭራሽ ያጠፋዋል፤ ባዶ ስላይድም (ቡናማ ያልታየበት የሴሎቹ መስታወት) ጤና ነው ማለት አይደለም።

[ምስል፦ ሁለት ስላይዶች ጎን ለጎን።]

አንዴ ስላይዴ እንደዚህ ደምቆ ሲወጣ ጮቤ ረገጥኩ። ከጎኑ የመጀመሪያውን አንቲቦዲ ያላደረግኩበት ማነጻጸሪያ ነበር። እሱ ንጹሕ መሆን አለበት። ሳየው እሱም ቡናማ! እጥበቱን በችኮላ አሳልፌው ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ሌላም ጨምሬያለሁ፦ ሳኦስ-2 የሚባሉ፣ ፒ53 የሌላቸው የአጥንት ካንሰር ሴሎች። እነሱ ላይ ቡናማ ካየሁ የቀኑ ሥራ በሙሉ ቅርጫት ይገባል።