መጀመሪያ ሞተሩ ይብረድ፦ ስለ መኪና ማሞቂያ ጎማ የአድማጮች ጥያቄና የመካኒኩ መልስ

ከሞተር ወደ ጋቢና ሙቅ ውሃ የሚያመላልሱ ሁለት ቀጫጭን የውሃ ጎማዎች አሉ። የማሞቂያ ጎማ የምንላቸው እነሱን ነው። በዚህ ሳምንት ከደወላችሁት አብዛኞቻችሁ ስለ እነሱ ነው የጠየቃችሁት። በየተራ እመልሳለሁ። ለሁላችሁም አስቀድሜ የምለው ግን አንድ ነው፦ መጀመሪያ ሞተሩ ይብረድ። ከዚያ በፊት ምንም አትንኩ።

ጥያቄ (ከአየር ጤና)፦ መኪናዬ ኮሮላ ናት። ወደ ጋቢና የሚገባው ጎማ ጫፉ ላይ ተሰንጥቆ ያንጠባጥባል። ራሴ ልሠራው እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፣ ወንድሜ። ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ምላጭና አንድ ሳፋ ይበቃዎታል። ጠዋት ከመንቀሳቀስዎ በፊት ቢሠሩት ጥሩ ነው፤ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ በርዶ ያድራል። ሳፋውን ከሥር ያስቀምጡና ውሃውን ከራዲያተሩ በታችኛው መክፈቻ ያውርዱት። ፋሸታውን፣ ማለትም ጎማውን ቱቦው ላይ አጥብቆ የሚይዘውን ቀለበት፣ ያላሉና ወደ ኋላ ያንሸራቱት።

አሁን ጎማው አልወጣ ይላል። ዓመታት ስለቆየ ከቱቦው ጋር ተጣብቋል። ብዙ ሰው የሚያጠፋው እዚህ ጋ ነው። እየወዘወዙ በኃይል አይጎትቱት። ጎማው የተሰካበት ቱቦ ከዳሽቦርዱ ኋላ ያለው ትንሹ የማሞቂያ ራዲያተር አካል ነው፤ ስስ ነው፣ ይታጠፋል፣ ይሰበራል። እሱ ከተሰበረ ደግሞ ዳሽቦርድ ማስፈታት ይመጣል። ጎማውን በቁመቱ በምላጭ ቀስ ብለው ይሰንጥቁትና እንደ ልጣጭ ያንሱት።

ጎማው ትርፍ ርዝመት ካለው የተሰነጠቀውን 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው መልሰው መሰካት ይችላሉ። እኔ ግን ሙሉውን ይቀይሩት ነው የምለው። ጫፉ ከደረቀ መሐሉም ደርቋል። ጨመቅ አድርገው ይዩት፤ ቀጫጭን ስንጥቆች ካወጣ ዕድሜው አልቋል። አሮጌውን ለናሙና ይዘው ዕቃ መሸጫ ይሂዱ፤ የውስጡ ስፋት ልክ መሆን አለበት። አዲሱን ከመሰካትዎ በፊት የቱቦውን ዝገት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ። ቱቦው ጫፉ ላይ እንደ ከንፈር ወጣ ያለ ነገር አለው። ፋሸታው ከዚያ ከንፈር ኋላ ይታሰር፤ ላዩ ላይ ከሆነ ያፈሳል።

ጥያቄ፦ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ቆርጬ ብተካበትስ?

መልስ፦ አይሆንም። በሙቀት ይለሰልስና ከነፋሸታው ይወልቃል።

ጥያቄ፦ በሱፐር ግሉ ወይም በማስቲሽ ቢደፈንስ?

መልስ፦ እሱም አይሆንም።

ጥያቄ (የሚኒባስ ሾፌር፣ ከሜክሲኮ)፦ ጎማው ስለሚያፈስ ውሃ በጄሪካን ይዤ ነው የምሠራው። ሲሞቅ ረዳቴ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ይከፍትና ቀዝቃዛ ውሃ እንጨምርበታለን። እስካሁን ምንም አልሆንንም። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፣ ልጄ። እዚህ ጥያቄ ላይ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። ሌሎቻችሁም ስሙኝ።

አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግን ግፊት አፍኖ ይይዛል። ስለዚህ ውስጥ ያለው ውሃ ከ100 ዲግሪ ቢያልፍም ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑን ስትከፍተው ግፊቱ ያመልጣል። ጸጥ ብሎ የነበረው ውሃ በቅጽበት ይፈላል። ውሃ እንፋሎት ሲሆን ደግሞ ከ1,000 እጥፍ በላይ ይሰፋል። መውጫው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ቀዳዳው ላይ ጎንበስ ያለው የረዳትህ ፊት ነው። ጨርቁ ምንም አያደርግለትም። እንዲያውም የፈላውን ውሃ ይመጥና እጁ ላይ ይጣበቃል።

ያ ልጅ የሰው ልጅ ነው። ዓይኑን ይዞ የወጣው እንጀራ ፍለጋ ነው። አንተ መሪ ላይ ተቀምጠህ «ክፈት» ስትለው እምቢ ማለት አይችልም። ስለዚህ ኃላፊነቱ ያንተ ነው። «እስካሁን ምንም አልሆንንም» አትበለኝ። እንዲህ የተቃጠሉትም ከመቃጠላቸው በፊት ይሉት የነበረው ይህንኑ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሞተሩን አጥፋ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ፤ ካልበረደ ጨምር። ከዚያ ወደ ራዲያተሩ አናት የሚገባውን ወፍራም ጎማ በእጅህ ጀርባ ነካ አድርገው። ሙቀቱ እጅህን ካላስመለሰው፣ ጨመቅ ስታደርገውም ለስለስ ካለ፣ ያኔ ክዳኑን እስከ መጀመሪያው መቆሚያ ብቻ አዙረው። የሚነፋ ድምፅ ከሰማህ እጅህን አንሳና ጠብቅ። ተሳፋሪ ሊቆጣ ይችላል። ይቆጣ፤ ሌላ ታክሲ ይሳፈራል።

ቀዝቃዛ ውሃውም ሌላ ጥፋት ነው። የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አልሙኒየም በጣም በጋለበት ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ይጣመማል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። የጎማው ዋጋ ከቴስታታ ሥራ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ዛሬውኑ ቀይረው።

ይህ ሁሉ ሳይሰማ ሰው ከተቃጠለ፣ ቃጠሎውን ለ20 ደቂቃ ያህል የሚፈስ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር አድርጉት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ አትቀቡ። የተጣበቀ ልብስ አትላጡ። ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ጥያቄ፦ የማሞቂያ ጎማው ሲፈነዳ የሙቀት ጌጁ ወደ ታች ወረደ። በርዷል ብዬ ነዳሁት፤ ከዚያ ሞተሩ ጠፋ። እንዴት ነው?

መልስ፦ ጌጁ የሚለካው የውሃውን ሙቀት ነው፣ እህቴ። ውሃው ፈስሶ ሲያልቅ የሚለካው ነገር ስለሌለ ዝቅ ብሎ ሊያሳይ ይችላል። ሞተሩ ግን እየነደደ ነው። እንፋሎት ካዩ ወይም ጋቢናው ውስጥ ማሞቂያው ድንገት ቀዝቃዛ አየር ከነፋ፣ ጌጁን አይመኑት። ዳር ይዘው ያጥፉት። የእርስዎን መኪና አሁን አያስነሱት፤ ተጎትቶ ጋራዥ ይግባ።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ ጎሃ ጽዮንን አልፌ ዓባይ በረሃ ውስጥ የማሞቂያ ጎማው ቢፈነዳብኝ ምን ላድርግ? እዚያ ዕቃ ቤት የለም።

መልስ፦ ሁለቱ ጎማዎች አንዱ ሂያጅ፣ አንዱ ተመላሽ ነው። ሞተሩ ሲበርድ ሁለቱንም ከማሞቂያው በኩል ያውልቁ። ደህናውን ወስደው ከሞተሩ የሚወጣውን ቱቦ ከሚመለሰው ጋር በቀጥታ ያገናኙት። እንዳይታጠፍ ሰፋ ያለ ቅስት ይስጡት፤ ሁለቱንም ጫፍ በፋሸታ ያጥብቁት። የፈነዳውን ቦታ ከከመነዳሪ (የመኪና እግር የውስጥ ጎማ) በተቀደደ ቁራጭ መጠቅለልም ለጥቂት ኪሎ ሜትር ይረዳል፤ ግን ግፊት ሲበዛ ይለቃል፤ ዳገቱ ላይ በተለይ። እንዲህ አገናኝተው ከተማ መድረስ ይችላሉ። መኖር ግን የለብዎትም፤ ክረምት ላይ ማሞቂያ ከሌለ መስታወቱ ጉም ይለብስና መንገዱ አይታይም።

ጥያቄ፦ ጎማውን ቀየርኩ፣ ውሃ ሞላሁ፤ አሁንም ይሞቃል።

መልስ፦ አየር ገብቶበታል። ሲበርድ አፍንጫውን ወደ ዳገት አድርገው ያቁሙት። የማሞቂያውን ቁልፍ ወደ ሙቅ ያዙሩ። ክዳኑ ክፍት እንዳለ ሞተሩን ያስነሱና አረፋው እስኪያልቅ ድረስ ከላይ እየሞሉ ይቆዩ። ፊትዎን ከአፉ ያርቁ። መገንፈል ከጀመረ ያጥፉት። ጨርሰው ክዳኑን ከዘጉት በኋላ ሞተሩ ከሞቀ ደግሞ መልሰው አይክፈቱት፤ ይብረድ።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ፣ አሜሪካ)፦ አገር ቤት ውሃ ብቻ ነበር የምንጨምረው። እዚህስ?

መልስ፦ በፍጹም። እናንተ ጋ ውሃ ብቻውን ይቀዘቅዝና ሞተር ይሰነጥቃል። ኩላንት (ራዲያተር ውስጥ የሚጨመር ፀረ ብርድ ፈሳሽ) እና ውሃ እኩል ለእኩል ሲቀላቀሉ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቋቋማሉ። አዲስ አበባ ያላችሁም «ብርድ የለንም» አትበሉ። ኩላንት ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያውንም ሙቀት ከፍ ያደርጋል። ግን መርዝ ነው፤ ጣዕሙም ይጣፍጣል። ሳፋ ላይ ያወረዳችሁትን ልጅም ውሻም በማይደርስበት አስቀምጡት።

ጥያቄ፦ ጎማዎቹ ደህና ናቸው። ግን ከጋቢናው የሚጣፍጥ ሽታ ይመጣል፣ የተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ረጥቧል፣ መስታወቱም ቅባት ነገር ይለብሳል።

መልስ፦ የማሞቂያው ራዲያተር ራሱ ነው የሚያፈሰው። ይህ የቤት ሥራ አይደለም። ማሞቂያውን አጥፍተው፣ መስኮት ከፍተው መኪናውን ለመካኒክ ይውሰዱት።